የአውራ ጣት ዘንግ

ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም በሳቅሁ ነበር። ይሁን እንጂ ለአባቱ የማይሆን ዕቃ ገዝቶ ያፈረ ሰው ካለ ይረዳኛል ብዬ አምናለሁ።

አባቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው። ዘንግ የሚባል ነገር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ናይለን ክር በቁራጭ እንጨት ላይ ይጠቀልላሉ፤ መንጠቆውን ከነትሉ ወርውረው ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ይቀመጣሉ። ቆሮሶ ሲለክፈውና አምባዛ ሲጎትተው ልዩነቱን በጣታቸው ያውቁታል። እኔ ልጅ ሆኜ ያንኑ ክር ስይዝ የሚሰማኝ ነፋሱ ብቻ ነበር።

እኔ ወደምኖርበት ቨርጂኒያ ለአንድ ክረምት ሊጠይቁኝ ሲመጡ ፖቶማክ ወንዝ ልወስዳቸው አሰብሁ። ሱቅ ገብቼም ሻጩ አብዝቶ ያመሰገነውን፣ ዋጋውም ለምስጋናው የሚመጥን የነበረውን ቤይትካስቲንግ ዘንግ ገዛሁ። ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። በዚህ ዓይነት ዘንግ ላይ የክር ማጠንጠኛው የሚቀመጠው ከእጀታው በላይ ነው፤ ከእጀታው በታች ደግሞ ሌባ ጣት የሚያርፍበት ቃታ መሰል ጉጥ አለው። ሲወረውሩት ክሩ የተጠቀለለበት ከበሮ ራሱ ይሽከረከራል፤ ልጓሙም የወርዋሪው አውራ ጣት ነው። የአሜሪካኑ ማጠንጠኛ ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ኬንታኪ ውስጥ ፓሪስ በምትባል ከተማ ይኖር ከነበረው ጆርጅ ስናይደር ከተባለ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ሠሪ መሆኑ አያስደንቅም፤ ነገሩ ሁሉ ጥርስ ከጥርስ የሚያያዝበት፣ ቅጽበት የሚቆጠርበት ሥራ ነውና። ከበሮው ከሚወጣው ክር ቀድሞ የሮጠ እንደሆነ ክሩ ይጎነጎናል። አሜሪካኖች ይህን ጉንጉን የወፍ ጎጆ ይሉታል።

አባባ በመጀመሪያው ውርወራቸው የወፍ ጎጆ ሠሩ። በሁለተኛውም ሠሩ። ከሦስተኛው በኋላ ዘንጉን በቀስታ ሣሩ ላይ አስተኝተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ለዓሣ ነው ወይስ ለአዞ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የቀረውን ቀን ወንዙን እያዩ ተቀመጡ። ክር በጣታቸው ሲያነብቡ የኖሩ ሰው በልጃቸው ፊት ክር አልታዘዝ ሲላቸው ማየት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ያወቅሁት ማታ ከእጀታው በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ነው። ዘንግ ሁሉ መታወቂያውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ርዝመቱን፣ ጥንካሬውን፣ የሚችለውን ክርና የሚወረውረውን ክብደት። የእኔው ጠንካራ ከሚባለው ወገን ሲሆን ከ14 እስከ 42 ግራም እንዲወረውር የተሠራ ነበር። እኔ ያሰርሁለት ማባበያ 7 ግራም ነው። ዘንግ የሚወረውረው ጎብጦ ሲቃና ነው፤ ክብደቱ ካላጎበጠው በትር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰው የጎደለውን በክንዱ ጉልበት ሊሞላ ይሞክራል፤ ከበሮው በድንጋጤ ይነሣል፤ ቀላሉ ማባበያ አየር ላይ ይዘገያል፤ ጎጆው ይሠራል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ ዘንግ የሚመረጠው ከጫፉ ነው እንጂ ከዋጋው አይደለም። አስቀድሞ ምን እንደሚወረውሩ ይወስኑ፣ ከዚያ ያን ክብደት በሚችለው መካከል የሚያስገባ ዘንግ ይፈልጉ። ከ7 ግራም በታች ከሆነ ቤይትካስቲንግን ይተዉት፤ ለቀላል ነገር ማጠንጠኛው ከሥር የሚንጠለጠለው ዘንግ ይሻላል። ለጀማሪ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጥንካሬው መካከለኛ፣ ሲጎብጥም ከጫፉ ብቻ ሳይሆን እስከ ወገቡ የሚጎብጥ ዘንግ እመክራለሁ።

ብዙ ሰዎች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። የሚያመሰግኑት ጫፉ ብቻ የሚጎብጠውን ፈጣኑን ዘንግ ነው። ምክንያትም አላቸው፤ ባስ የተባለውን ዓሣ ከወንዝ ሣር ውስጥ በአንድ ወፍራም መንጠቆ ለማውጣት ግትር ዘንግ ያስፈልጋል። እኔ ግን ክርክሩ ከዓሣው ተጀምሮ እጁን ይረሳል እላለሁ። ለስላሳው ዘንግ ለወርዋሪው ጊዜ ይሰጠዋል። ውርወራው ይረዝማል፤ ከበሮው በቀስታ ይነሣል፤ አውራ ጣትም ለማሰብ ፋታ ያገኛል። ሦስት አፍ ያለው መንጠቆ ላይ የተያዘ ዓሣ ሲፈራገጥም የሚጎብጥ ዘንግ አብሮት ይሄዳል፤ ግትሩ ግን አፉን ቀድዶ ይለቅቀዋል።

ስለ ማቴሪያሉ ብዙ አልልም። ግራፋይት ይቀላል፣ ስሜትም ያስተላልፋል፤ ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ ግን ይታገሣል። ያገለገለ ዘንግ የሚገዛ ሰው የጥጥ ቁራጭ በክር ማሳለፊያ ቀለበቶቹ ውስጥ ይጥረግ፤ ጥጡን የሚይዝ ስንጥቅ ክሩንም ይበጥሳል።

በሳምንቱ አንድ ጎረቤት ግቢው ውስጥ ከሚሸጣቸው አሮጌ ዕቃዎች መካከል የፋይበርግላስ ዘንግ ከነማጠንጠኛው አገኘሁ። ከ7 እስከ 18 ግራም ይላል። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ለአባባ 14 ግራም እርሳስና እውነተኛ ትል አሰርሁላቸው፤ የላስቲክ ትሉን ገና ከመጀመሪያው ንቀውት ነበርና። ወረወሩ። ከበሮው ዘመረ፤ እርሳሱ ውኃውን ሲነካ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ከዚያ ያላስተማርኋቸውን ነገር አደረጉ። ከማጠንጠኛው ፊት ያለውን ክር በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ዝም አሉ። ከቀትር በኋላ አምባዛ ብለው የሰየሙትን ጢማም ዓሣ አወጡ።

ዘንድሮ በስልክ ዘንጉን ላክልኝ አሉኝ። ቀኝ እጃቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለዚህ የአውራ ጣት ልጓም የማያስፈልገውን ሌላውን ዓይነት ልግዛልዎት ብዬ ለመንኋቸው። ከአመዛዘንሁት ሁሉ ለእሳቸው የሚሻለው ያ ነው፤ አሁንም እንደዚያው አስባለሁ። እሳቸው ግን፣ «በዚያኛው ክሩ ከእጄ ይርቃል» ብለው እንቢ አሉ። ችግሩ አሮጌው ዘንግ ወጥ መሆኑ ነው፤ ሁለት ሜትር ወጥ ዘንግ ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር መንገደኛ አላገኘሁም። ተመሳሳይ ክብደት የሚወረውር፣ ለሁለት የሚከፈል ፈልጌ ገዛሁ። ቁራጮቹም ከሻንጣው ስለሚረዝሙ የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ በልካቸው ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። አሮጌውን ማጠንጠኛ ነቅዬ፣ ክሩ ላይ ያለውን የእሳቸውን ቋጠሮ ሳልፈታ፣ በካልሲ ጠቅልዬ አብሬ አስቀምጬዋለሁ።