የትናንቷ የቀነጨረች ሕፃን፣ የዛሬዋ የአዳማ ነፍሰ ጡር

በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ሲሰላ፣ በወቅቱ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ 100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ ቁጥር በየስብሰባው የሚነሳው ምን ያህል እንደቀነሰ ለማሳየት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 37 ወርዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚያ 58ቱ አሁን የት ናቸው? ከመካከላቸው ሴቶቹ ዛሬ በ20ዎቹ መጨረሻና በ30ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። በአሁኑ ሰዓት የሚወልዱት እነሱ ናቸው ማለት ነው። ከእነሱ ቀላል የማይባሉት ደግሞ ከተወለዱበት ገጠር ወጥተው አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ገብተዋል።

እነዚህ ከተሞች ከገጠሩ የሚለዩት በገቢ ብቻ አይደለም። ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም በቀን ሰዓታት ትጓዝ የነበረች ሴት፣ እዚህ ገበያ የምትሄደው በባጃጅ ነው። ከውጭ የሚገባው የሚረጋ ዘይት ከጂቡቲ በዚሁ መንገድ ይመጣል። ስኳሩ ቅርብ ነው፤ ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ወንጂ በሆላንዶች ኩባንያ ተተክሎ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። በአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። በሌላ በኩል የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ከማሳው ወጥቶ፣ ከተማዋን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ድሃ የሆነች የከተማ ሴት በትንሽ ብር ሆዷን የምትሞላው በዳቦ፣ በቦንቦሊኖና በጣፈጠ ሻይ እንጂ በጎመንና በእንቁላል አይደለም።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። የሰውነት ክብደታቸው ከልክ በላይ የሆነ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ሦስት ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ስምንት ሆነዋል። በከተማ ብቻ ሲታይ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ናት። በዚያው 2008 ዓ.ም. ከመቶ 22 ሴቶች ደግሞ ከልክ በታች ቀጭን ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰፈር ይገኛሉ።

ታዲያ የእናት ውፍረት ልጅን ምን አገባው? የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ስኳሩን የሚያወርደው የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ፅንሱ በራሱ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ለማምረት ይገደዳል። ኢንሱሊን ደግሞ ፅንስን ያፋፋል፣ ስብም ያጠራቅማል። ዴንማርካዊው ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ይህን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነበር። እኛ ዘንድ «አራት ኪሎ ተኩል ወለደች» ተብሎ በደስታ የሚነገርለት ልጅ አንዳንዴ የዚህ ውጤት ነው። ከተወለደ በኋላ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ሲያድግም ለውፍረትና ለስኳር በሽታ የበለጠ የተጋለጠ ነው።

ይህ በዘር የሚተላለፍ ነው እንጂ ከማህፀን ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ አሪዞና የፒማ ሕንዶች ዘንድ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የአንድ እናት ልጆች ተነጻጽረው፣ እናትየዋ ስኳር ከያዛት በኋላ የተወለዱት ከዚያ በፊት ከተወለዱት ወንድምና እህቶቻቸው ይልቅ በበሽታው በብዛት ተይዘው ተገኝተዋል። እናት አንድ፣ ዘር አንድ፤ የተለየው ማህፀኑ ነው።

የእኛ ጉዳይ የሚወሳሰበው ግን እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ባርከር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ በማህፀን የተራበ ልጅም ሲያድግ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይጋለጣል። ሰውነቱ እጥረትን ጠብቆ ተሠርቷልና ጥጋብ ሲመጣ አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ1944-45 የሆላንድ ረሃብ ወቅት በተፀነሱ ሰዎች ላይ ይኸው ታይቷል፤ በእኛም አገር በ1977ቱ ድርቅ ወቅት በማህፀን ወይም በጨቅላነት የነበሩ ሰዎች በራያ ቆቦ ተጠንተዋል። እንግዲህ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ወይም በሸዋ ገጠር ቀንጭራ ያደገችው ልጅ፣ ዛሬ በአዳማ ስትወፍር በሁለቱም በኩል ተይዛለች። ሰውነቷ በትንሽ ውፍረት ስኳሩን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ቁመቷ አጭር፣ ዳሌዋም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ልጅ መውለድ ለራሷም ለልጇም አደጋ ነው። በሀብታም አገሮች ስለ ውፍረት የተጻፈው ይህችን ሴት በሙሉ አይገልጻትም፤ በእኛ ስለ ረሃብ የተጻፈውም እንዲሁ።

እሷ የምትሰማው ምክር ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላል። ከገጠር የመጡ እናቷ «ልጁ እንዳይገዝፍብሽ ቀንሺ» ይሏታል። የከተማ ጎረቤቶቿ «ለሁለት ነው የምትበዪው» እያሉ ያጎርሷታል። ስትወፍር «ተመችቷታል» ይባላል፤ ይህ በእኛ ባህል ሙገሳ ነው። ከእርግዝና በፊት ክብደቷ መካከለኛ ለሆነ ሴት በአሜሪካ ሐኪሞች የሚሠራበት መመሪያ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመርን ይመክራል፤ ከልክ በላይ ወፍራም ለሆነች ግን ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብቻ። ይህን ልዩነት የነገራት ሰው ካለ ዕድለኛ ናት።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ክንዷ በሜትር ይለካል። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተመዝግባ ድጋፍ ታገኛለች፤ ትክክልም ነው። ክንዷ 33 ከሆነስ? ሜትሩ ለዚያ ቀለም የለውም። የሽንት ምርመራም አይበቃም፤ ስኳር በሽንት ሳይታይ በደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታተመ ጥናት በትግራይ ገጠር በእርግዝና ወቅት ስኳር የተገኘባቸው ሴቶች ከመቶ 3.7 ነበሩ፤ በጎንደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ደግሞ 12.8 አግኝቷል። መመዘኛቸው ስለሚለያይ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይገባም፤ የጎንደሩ ቁጥር ብቻውን ግን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። አዳማ ከጎንደር የተሻለ ዕድል አላት የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩን አከብራለሁ። ቦሰትና ፈንታሌ በዚሁ በምሥራቅ ሸዋ ያሉ፣ ድርቅ የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ናቸው። ነገር ግን ከፈንታሌ ከብቶቿ አልቀውባት ወደ ከተማ የምትሰደደው ልጅ ነው ነገ የአዳማ ነፍሰ ጡር የምትሆነው። ሁለቱን ችግሮች ለሁለት ቢሮ ከፍሎ ማየት ይህችን ልጅ አለማየት ነው።

እናቶችን መውቀስም መፍትሔ አይሆንም። በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ከልክ በላይ የወፈሩ ነፍሰ ጡሮች አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉና እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ውጤቱ የወጣባቸው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ ከልክ በላይ ትልቅ ሆነው የሚወለዱ ልጆችን ቁጥር መቀነስ አልቻሉም። ከፀነሱ በኋላ መጀመር የረፈደ ይመስላል። ስለዚህ በእኔ እምነት ሥራው የሚጀምረው በአዳማና በሻሸመኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በልጃገረዶቹ ምሳና በደማቸው የብረት መጠን ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያ አለ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያዎቹ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከክብደት ጋር ቁመትም ለክተው ቢያሰሉ፣ ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ደግሞ የደም ስኳር ቢመረምሩ፣ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ የቁመት መለኪያና የስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ ነው። ከሦስቱ በየጊዜው የሚያልቀው ስትሪፑ ብቻ ስለሆነ፣ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በሚቀጥለው በጀቱ ሊያስብበት የሚገባው እሱን ነው።