ከጥር 12 በኋላስ?

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታት ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየውን የወጣቶች ትጋት ያላደነቀ ምእመን ያለ አይመስለንም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የየሠፈሩ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ምንጣፍ ይገዛሉ፤ መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው በትከሻቸው ይሸከሙና ወደ ፊት ሮጠው እንደ ገና ያነጥፉታል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ልጆቹ ግን ለመዝገብ ብለው አልሮጡም። ከመካከላቸውም በሠፈሩ ዘንድ «ሥራ ፈት» እየተባሉ የሚጠሩ አይታጡም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ እነዚህን ልጆች ማን ይፈልጋቸዋል? ምንጣፉ ታጥቦ ይቀመጣል፤ ልጆቹም ወደ መንገድ ዳር ይመለሳሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ያን ያህል ሥርዓትና መታዘዝ ያሳየ ወጣት፣ በቀረው ዘመን ከቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ተግሣጽ ብቻ ከሆነ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው።

ወጣትን በሥራ ማሳደግ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዳሴ የሚቀደሰው ቢያንስ በአምስት ልዑካን ሲሆን፣ ሁለቱ ካህናት ሦስቱ ዲያቆናት ናቸው። ከዲያቆናቱም አንዱ ብዙ ጊዜ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ያ ልጅ በብርድ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚነሣው ምክር ስለ ሰማ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ከቀረ ቅዳሴው እንደሚጓደል ስለሚያውቅ ነው። የየኔታም ትምህርት ቤት እንዲሁ ነበር፤ ዛሬም ባለበት ስፍራ እንዲሁ ነው። ዳዊት የሚደግመው ተማሪ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስን የጨረሰውም ለጀማሪው ያስነብባል። አንድ መምህር ያን ሁሉ ልጅ ሊያስተምር የቻለው በዚህ ሥርዓት ነው። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት በምናስተምርበት ክፍል ይህን ልማድ መልሰን ብንሞክረው፣ ታናሹን ያስጠናው ታላቅ ከታናሹ ይልቅ ተጠቅሞ አግኝተነዋል።

በዚያ በጥንቱ ትምህርት ቤት ግን ሴቶች ልጆች እምብዛም ስፍራ አልነበራቸውም። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው አንድም ስለዚህ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ያደረገው መልካም ነገር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር ትዘምራለች፤ ከበሮ ትመታለች፤ ሕፃናትንም ታስተምራለች። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለመዝሙር ጥናት ልትወጣ ስትል የወጥ ቤቱን ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ አትከምሩባት፤ ወንድሟም ሽንኩርት መክተፍ አያቅተውም።

ሥራ ስንል ድንኳን መትከልንና ወንበር መሸከምን ብቻ ማለታችን አይደለም። ይህማ በየበዓሉ ይታዘዛሉ። አደራ ማለት ወጣቱ ካልፈጸመው ሳይፈጸም የሚቀር፣ ሲፈጽመውም በስሙ የሚጠየቅበት ነገር ነው። የደከሙ አረጋውያንን በየቤታቸው መጠየቅ፣ በየኔታ ዘንድ ያሉትን የአብነት ተማሪዎች ልብስና ቀለብ መከታተል፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውን ወንድም በዚያ ካሉት የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ጋር አስቀድሞ ማገናኘት እንዲህ ያለ አደራ ነው። ይልቁንም የመጨረሻው ቸል ሊባል አይገባውም፤ ልጁ ከቤቱ በራቀባት በመጀመሪያዪቱ እሑድ የሚጠብቀው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ሕጉም ቢሆን ከወጣቶች ጋር ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ የሚመራበት ቃለ ዐዋዲ፣ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በጉባኤው እንዲወከሉ ያዛል። ወንበሩ አለ፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ወጣት የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ የሚጠየቀውም ስለ መዝሙር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሒሳቡ ወረቀት ሲታደል ለእርሱም አንድ ይድረሰው። ያልገባው ቁጥር ቢኖር ሒሳብ ሹሙ በትዕግሥት ያስረዳው፤ ጥያቄም ቢያነሣ «ዝም በል፣ ልጅ!» የሚል አይኑር።