ከባለቤቱ የሚተርፍ ባትሪ

ከዘነበወርቅ ወይም ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ተነስቶ ለልብ ክትትል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ) ከተገጠመለት ሐሳቡ ሁሉ ባትሪው ላይ ነው። የሊቲየም ባትሪው ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ የደረቱ ቆዳ እንደገና ተከፍቶ መሣሪያው ይቀየራል። የመጀመሪያው በልገሳ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ከየት ያመጣል?

ይህን ጭንቀት የሚያስቀር መሣሪያ ድሮ ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ፓሪስ ውስጥ በፕሉቶኒየም 238 የሚሠራ ፔስሜከር ለአንድ ታማሚ ተገጠመ። ፕሉቶኒየሙ ጨረር እየለቀቀ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 88 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የዚያ ዘመን የሜርኩሪ ባትሪ በሁለት ዓመት ገደማ ይደክም ነበር።

ኑክሌር ደረቴ ውስጥ ይገባል ሲሉት የማይደነግጥ የለም። ማስረጃው ግን ድንጋጤውን አይደግፍም። አሜሪካ፣ ኒዋርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይኸው መሣሪያ ተገጥሞላቸው ክትትል በተደረገላቸው ከ130 በላይ ታማሚዎች ላይ ካንሰር ከሌላው ሕዝብ አልበለጠም። በ15ኛው ዓመት ከኃይል ምንጮቹ 99 በመቶው ይሠሩ ነበር። ገመዱና ሌላው ሁሉ ሲጨመር ግን ቁጥሩ ወደ 82 ይወርዳል። ባትሪው ዘላለማዊ ቢሆን የተቀረው አይደለም፤ ይህን የኑክሌሩ አድናቂዎች ቶሎ ያልፉታል።

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከሞት በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰውየው ሲሞት መሣሪያው ወጥቶ ወደ ሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ መመለስ አለበት። እዚህ ኮልፌ ላይስ? በሙስሊሙ ቤት ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ በዕለቱ ይቀበራል። በክርስቲያኑም ቤት ዕድሩ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ በማግስቱ ቀብር ነው። በዚያ ጥድፊያ መሀል «ደረቱን ክፈቱልን» የሚል ማን ነው? ቢልስ ማን ይሰማዋል?

በእርግጥ ፕሉቶኒየሙ የታሸገበት ብረት እሳትም ጥይትም እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ መቃብር ውስጥ ያለ ችግር ሊቀመጥ ይችላል። ግን መሬቱ አንድ ቀን ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ይቆፈራል፣ የተገኘ ብረት ደግሞ ቆራሌው ወስዶት ምናለሽ ተራ ላይ ይቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ውስጥ ብረት ለቃሚዎች የተተወ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ፈታትተው የውስጡ ጨረር አመንጪ ሲዚየም አራት ሰው ገደለ። ሲዚየሙ ዱቄት ነበር፣ መጠኑም ከፔስሜከር ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል ማስፈራሪያ ማድረግ አግባብ አይደለም። ባለቤት ያጣ ብረት የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ለስልሳ ዓመት አዛውንት ሊቲየሙን እመርጣለሁ፤ አንድ ሁለት ቅያሬ ይበቃቸዋል። የ25 ዓመት ወጣት ግን አራት አምስት ጊዜ ሊከፈት ነው፣ ቁስሉ በተከፈተ ቁጥርም ኢንፌክሽን ያሰጋል፤ የመሣሪያው ዋጋ ገና አልተነሳም። ለእሱ እንዲህ አፌን ሞልቼ ለመናገር ይቸግረኛል።