ስለ ደመናው ሥዕል



ሰሞኑን ከወጣቶቻችን አንዱ በእርሳስ የሳለውን ሥዕል አየን። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ከላይ አንድ ወጣ ገባ፣ ከታች አንድ ለስላሳ። ያየው ሁሉ ፈታው። የሚመጣ መነቃቃት ነው ያለ አለ፤ የክብር ደመና ነው ያለችም አለች። የሳለውን ልጅ የጠየቀው ግን አልነበረም። ስንጠይቀው ከሊማሊሞ አፋፍ በማለዳ ያየውን ነው የሳለው። የላይኛው መስመር ተራራው፣ ሁሉም መሬት ያለው የታችኛው ደግሞ ደመናው ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ደመና ከእግር በታች ተኝቶ እንደሚታይ ያውቃል።

በከተማችን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ (የእምነት ልዩነታችን እንዳለ ሆኖ) እንዲህ አይቸገርም፤ የተደረደሩት ፊቶችና ክንፎች መላእክት መሆናቸው ግልጽ ነው። በጥቂት መስመር የተሠራ ሥዕል ግን ባዶ ቦታው ብዙ ስለሆነ የልባችንን ለማስገባት ይመቻል። በወረቀት ላይ ጉዳት የለውም። በቃሉ ላይ ስንለምደው ነው የሚያስፈራን። በዘጸአት ሕዝቡን የመራው የደመና ዓምድና ይሁዳ በመልእክቱ (ቍ. 12) ሐሰተኞችን የመሰለበት ውኃ አልባ ደመና፣ ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ አይሆኑም። ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ሳንጠይቅ «ጌታ አሳየኝ» ማለት ድፍረት ነው እንላለን።

የኤልያስን እንመልከት (1ኛ ነገሥት 18፥41-45)። ብላቴናው በሰባተኛው ጊዜ ከባሕር ስትወጣ ያያት ደመና እጅ የምታክል ነበረች። ኤልያስ ከእርሷ ምሥጢር አላወጣም፤ ንጉሡ ዝናቡ ሳይዘው ቶሎ እንዲወርድ ላከበት። ያች ደመና ዝናብ ነበረች። ለዓመታት ጠል ላጣ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምን ፍቺ ይገኛል?

ይህ ከሰባኪው ይልቅ ለጃናሞራ ገበሬ ይገባዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲጠፋ በጃናሞራና በአካባቢው ሰብሉ ደርቋል፣ ከብቱ አልቋል፣ ሰውም ለረኃብ ተጋልጧል። እዚያ ሄደን ላንድ አባወራ የክብር ደመና ወርዷል ብንለው፣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና፣ ዝናብ አለው ወይ ብሎ ይጠይቀናል።