እንጀራን አባረን ቴሪያኪን አስገባን

በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ «ሎው ካርብ ጀምሬያለሁ» ብሎ የማያውቅ ሰው ካገኛችሁ ያዙት፤ እንደ ዋልያ በፓርክ ተከልሎ ሊጠበቅ የሚገባው ብርቅዬ ነው። ቢሮ ውስጥ፣ ጂም ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ ሁሉም ከእንጀራ ጋር ተፋቷል። መፋታቱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከፍቺው በኋላ ማንን እንዳገባ ሳየው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጀራ አልነካም ያለው ወዳጃችን ምሳ ሰዓት ላይ ቦሌ አካባቢ ካሉት የእስያ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ይልና «ዶሮ ቴሪያኪ፣ ሩዙ ይቅር» ብሎ ያዛል። ሩዙ ይቀራል። ዶሮው ግን ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከማንኪያ ላይ ለመውረድ የሚያመነታ ሽሮፕ ውስጥ ዋኝቶ ይመጣል። ወዳጃችን ሳህኑን በዶሮው ጠርጎ ይበላና ዳይቱን የጠበቀ ሰው ኩራት እየታየበት ሂሳብ ይጠይቃል።

ሽሮፕ ያልኩት ለስድብ አይደለም። ሱፐርማርኬት ግቡና የቴሪያኪውን፣ የሆይሲኑን፣ የጣፋጭ ቺሊውን ጠርሙስ አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው፤ ስኳርን ለማግኘት ብዙ መውረድ አያስፈልጋችሁም። ጣፋጭ ቺሊ ሶስ ላይ በ100 ግራም ከ30 እስከ 50 ግራም ስኳር ማየት የተለመደ ነው። ኮካ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ተኩል ገደማ ነው ያለው። አዎ፣ ሶስ በጠርሙስ አይጠጣም። ግን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካፈሰሳችሁ፣ እሱ ደግሞ ለአንድ ሳህን ዶሮ ብዙ አይደለም፣ አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ዶሯችሁ ላይ ነሰነሳችሁ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ቢቻል ለቀን ይብቃችሁ ያለው 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማባያው ብቻውን የቀኑን አብዛኛውን ጨረሰው!

እንጀራ ቢያንስ አይዋሽም። ሰፍቶ፣ ተዘርግቶ፣ «እነሆ እኔ ነኝ» ብሎ ይቀርባል፤ ስንት እንደበላችሁ ታውቃላችሁ። ሶስ ግን «ቅመም ነኝ» ብሎ ነው የሚገባው።

«እኔማ ስኳር የሌለውን ነው የምገዛው» የሚለውንም እሰማለሁ። ጥሩ። ግን እሱ ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ደንብ «ስኳር የሌለው» ማለት በአንድ ጊዜ ድርሻ ከግማሽ ግራም በታች ስኳር ያለው ማለት ነው። የሶስ ድርሻ ብዙ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ሌላም አለ፦ ማልቶዴክስትሪን የሚባለው ከስታርች የሚሠራ ማወፈሪያ በመለያው ላይ ስኳር ተብሎ አይቆጠርም፤ አንጀት ውስጥ ሲገባ ግን ከስኳር ባልተናነሰ ፍጥነት ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ያልፋል። «ሎው ካርብ» የሚለውን ቃል ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት ጭራሽ ትርጉም አልሰጠውም። ጠርሙስ ላይ ብታዩት ቃሉ ብቻውን የሚያረጋግጥላችሁ ነገር የለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጂም ጓደኞቻችን ቦርጭ ተጨንቄ አይደለም። በኛ ቋንቋ ስኳር የበሽታም ስም ነው። «ስኳር አለባት» ሲባል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። እናላችሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት «ይሄ ለእማዬ ነው፣ ስኳር የለውም» ተብሎ የሚወጣው ጠርሙስ እሷ ጋ ነው የሚደርሰው። ሰጪው በፍቅር ነው የሰጠው። እሷ ደግሞ ልጇ ያመጣውን አትጠራጠርም፤ እንደ ወጥ ታፈስበታለች። መለያውን ያነበበ ማንም የለም። የምቆጣው እዚህ ጋ ነው።

የማር ወገኖችንም ሳልነካ አላልፍም። «እኔ በስኳር ፈንታ ማር ነው የማደርግበት፣ ተፈጥሯዊ ነው» ይላሉ። እባብም ተፈጥሯዊ ነው። ማር ከመቶው ሰማንያው ስኳር ነው፤ ንብ ስለሠራችው ቆሽታችሁ አይራራላችሁም።

የአርቴፊሻል ማጣፈጫዎቹ ጉዳይ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። መርዝ ናቸው አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትጠቀሙባቸው ብሎ መክሯል። (ምክሩ አስቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው።) በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ በደም ውስጥ ከፍ ያለ ኤሪትሪቶልን ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር አያይዞታል፤ ማያያዝ ማረጋገጥ ባይሆንም። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ምላሳችሁ ዶሮ ሁሉ ከረሜላ ከረሜላ ካላለ አልበላም ብሎ እንዲቀር ለምን ታስተምሩታላችሁ?

«እንዴ፣ ቴሪያኪ እኮ ጣፋጭ ነው፣ ባህሉ ነው» ለሚሉኝ፦ በጃፓንኛ «ቴሪ» ማብረቅረቅ፣ «ያኪ» ደግሞ መጥበስ ነው። ጣፋጭ የሚል ቃል ስሙ ውስጥ የለም። እርግጥ ጃፓኖቹም ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥና ስኳር ይጨምሩበታል፤ አልዋሽም። ግን ዓሣው ላይ እየተቀባ ነው የሚጠበሰው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው በሶስ የተጥለቀለቀው ዶሮ አሜሪካ ያደገ ነው። ቶሺ ካሳሃራ የሚባል ጃፓናዊ በ1976 ሲያትል ውስጥ ርካሽ የቴሪያኪ ቤት ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ በቴሪያኪ ቤት ተሞላች። ሲያትል ያሉ ሐበሾች ከሥራ ሲወጡ ምን ይዘው እንደሚገቡ ጠይቋቸው።

እንግዲህ ስኳሩ ሶስ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው እንወቅና ከሥራ እናሰናብተው። ሥራው ሦስት ነው፦ የሶይ ሶሱን ጨው ያለዝባል፣ ያወፍራል፣ ያብረቀርቃል። ለሦስቱም ምትክ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለ።

ለመወፈሩና ለማብረቅረቁ ተልባ! ሰዎች በበቆሎ ስታርች ነው የሚያወፍሩት፤ እሱ ደግሞ ያው ካርቦሃይድሬት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ ጣዱና በመጠነኛ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል አፍሉት። ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በትኩሱ አጥሉት። በትኩሱ ነው ያልኩት፤ ከቀዘቀዘ ከወንፊቱ ጋር ትግል ነው። ይኼ ዝልግልግ ነገር ሶሱን ያወፍረዋል፣ ያብረቀርቀዋልም። አያቶቻችን ለሆድ ድርቀት ሲያጠጡን ቴሪያኪ እየሠሩልን እንደነበር ማን ያውቃል።

ከዚያ ሩብ ራስ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ በአንድ ማንኪያ ዘይት፣ ቀስ ባለ እሳት፣ ቡናማ እስኪሆን አቁላሉት። ያለችን ጣፋጭነት እሷ ነች፤ የሩብ ሽንኩርት ስኳር ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም፣ እሱም ለመላው ድስት ነው። ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ፍቃችሁ ጨምሩ፤ ነጭ ሽንኩርቱ እንዳያር፣ ካረረ ይመራል። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ሶይ ሶስ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ አቼቶ፣ ካገኛችሁ ደግሞ ትንሽ የደረቀ እንጉዳይ። እንጉዳዩና ሶይ ሶሱ የጃፓኑ ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 «ኡማሚ» ብሎ ስም ያወጣለትን ጣዕም ይሰጣሉ፤ ስኳር ሲወጣ ባዶ የሚሆነውን ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። አቼቶው ጨውን ያለዝባል። አምስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ በመጨረሻ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የተልባውን ውሃ ጨምሩና አማስሉ።

ሰሊጥ እንዳትረሱ። በትንሽ ብረት ድስት ቁሉት፣ ሽታው ሲያውድ አውርዳችሁ በሙቀጫ ውቀጡት፣ ሶሱ ላይ በትኑት። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ነው። ቻይና ለዓመታት ከዋና ገዢዎቹ አንዷ ሆና ቆይታለች፤ እኛ ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ «የእስያ የሰሊጥ ዘይት» ፍለጋ ሱፐርማርኬት እንዞራለን። ይሁን፣ ይኼ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሶይ ሶሱን ስትገዙም መለያውን አንብቡ። ሶያ፣ ስንዴ፣ ውሃ፣ ጨው የሚል ይበቃል። ኬቻፕ ማኒስ የሚባለው የኢንዶኔዥያው ወፍራም ጥቁር ሶይ ሶስ በዘንባባ ስኳር የተሞላ ነው፤ እሱን ገዝቶ «ስኳር አልጨመርኩም» ማለት ቀልድ ነው።

በቤት የተሠራው በአንድ የሾርባ ማንኪያ አንድ ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ቢኖረው ነው። ጨው ግን አለው። ሶይ ሶስ ብቻውን በሾርባ ማንኪያ 900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይይዛል፤ የቀኑ ጣሪያ 2000 ነው። የተልባው ውሃ ከግማሽ በታች ያወርደዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ምግቡ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሩ፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ መቅመስ እንጂ ማፍሰስ የለበትም። ሌላ ጥብቅ ነገር፦ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በአንድ ጊዜ ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። እናታችሁን ሎው ካርብ ከማስጀመራችሁ በፊት ሐኪሟን አስጠይቁ።

«ሕዝቡ ስኳር በሰልፍ ሲገዛ አንተ ስለ ቴሪያኪ ታወራለህ» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወዳጄ፣ ተልባ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሰሊጥ ነው የጠራሁት፤ ከውጭ የመጣው ሶይ ሶሱ ብቻ ነው። ቅንጦት ከፈለግክ ያ ባለ ስኳሩ ጠርሙስ አለልህ፣ ዋጋውን ሄደህ እየው።

ሶሱ በክዳን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሲቆይ ይጠጥራል፤ ትንሽ የሞቀ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በእንጉዳይ ወይም በቶፉ ይሄዳል። በእንጀራ ሞክሬዋለሁ፤ እሱም ይሄዳል።