የአውቶሞቢል ሁለተኛ ዋጋ

አውቶሞቢል እንደ ሌላው የንግድ ዕቃ አንድ ዋጋ ብቻ ያለው አይደለም። የመጀመሪያው ዋጋ በሻጭና በገዢ መካከል በአንድ ቀን ተነጋግሮ የሚያልቅ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዋጋ ግን በየሳምንቱ በነዳጅ ማደያ የሚከፈል፥ አውቶሞቢሉ እስኪያረጅ ድረስ የማያልቅ ዕዳ ነው። ገዢው በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ይውላል፤ ሁለተኛውን ግን ሳይጠይቅ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም። የዚህ ዝምታ ኪሳራ በገዢው ኪስ፥ በአገሪቱ የውጭ ምንዛሪና በከተማው አየር ላይ የሚያርፍ ስለ ሆነ፥ ዝምታውን ሊሰብር የሚገባው ራሱ ነጋዴው ነው።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ አንድ አውቶሞቢልና በዚያው መንገድ 6 ሊትር ብቻ የሚፈጅ ሌላ አውቶሞቢል አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፥ የመጀመሪያው 1,800 ሊትር፥ ሁለተኛው 900 ሊትር ይጠጣሉ። ልዩነቱ በዓመት 900፥ በዐሥር ዓመት 9,000 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፥ በአንዱ አውቶሞቢል ምርጫ ብቻ በየዓመቱ ከ2 ቶን በላይ የሚሆን ጋዝ ወደ አየር ከመውጣት ይድናል። በመግዣው ዕለት ጥቂት ብር አተረፍሁ ብሎ ነዳጅ ፈጁን የመረጠ ሰው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የአውቶሞቢል አስመጪውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ኢትዮጵያ ለነዳጅ መግዣ በየዓመቱ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ቡናዋ ከሚያስገባላት ይበልጣል። ገበሬው ለቅሞ፥ ነጋዴው አበጥሮ፥ ላኪው በጂቡቲ በኩል አሻግሮ ያመጣው ዶላር ተመልሶ በዚያው በጂቡቲ በኩል ወጥቶ ቤንዚንና ናፍጣ ይሆናል። ነዳጁን የጫነው ቦቴም እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መድኀኒት፥ የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ወይም መለዋወጫ ለማስገባት ከባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚጠባበቅ አስመጪ ሁሉ፥ በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ሞተሩን ከሚያንጓጓው አውቶሞቢል ጋር የሚሻማው በአንድ ማዕድ ላይ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ባለሱቁም ቢሆን ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለጠረፍ አየር የተስተካከለ አሮጌ የካርቡራቶር ሞተር በዚህ ከፍታ ሲሠራ፥ የሚቀዳው ቤንዚን ከሚያገኘው አየር ጋር ስለማይመጣጠን፥ በሚገባ ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ በጢስ ማውጫው ይወጣል። ዳገት የሚቧጥጥ አሮጌ የናፍጣ መኪናም የሚተፋውን ጥቁር ጢስ የማያውቅ የለም። ያን ጢስ አላፊ አግዳሚው ለአንድ አፍታ ሲተነፍሰው፥ ደጁን ወደ አውራ ጎዳና ከፍቶ የተቀመጠው ባለሱቅ ግን ከጧት እስከ ማታ ይተነፍሰዋል። ባለመኪናው ገዝቶ ያባከነው ነዳጅ በባለሱቁ ሳንባ ውስጥ ያድራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የነዳጅን ነገር ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል የዚህች አገር ታሪክ ምስክር ነው። በ1966 ዓ.ም. መባቻ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ገበያ ታወከ፤ 3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር በኢትዮጵያ የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨመር፥ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የተከተለውን ሁሉ ማንም ያውቀዋል። ለአብዮቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም፥ የቤንዚን ሒሳብ በአንድ አገር ላይ ምን ያህል ከባድ ሸክም ሊሆን እንደሚችል ያ የካቲት አሳይቷል።

ያው የዋጋ ማዕበል በአሜሪካ ሌላ ትምህርት ጥሎ አልፏል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ታላላቅና ከባድ አውቶሞቢል መሥራትን እንደ ክብር ይቈጥሩት ነበር። ገዢው ግን ነዳጅ ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ በያዘ ጊዜ ዐይኑን ወደ ትናንሾቹ የጃፓን አውቶሞቢሎች መለሰ። የሆንዳ ኩባንያ ሲቪክ የተባለውን አውቶሞቢል በአዲስ ዐይነት ሞተር ሠርቶ፥ ሌሎች አይቻልም ያሉትን የጢስ ደንብ ልዩ የጢስ ማጣሪያ ሳይጨምር አሟላ። የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1968 ዓ.ም. ማለትም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ባወጣው ሕግ፥ አዲስ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች በአንድ ጋሎን የሚጓዙት መንገድ በዐሥር ዓመት ውስጥ በእጥፍ ገደማ አድጎ በአማካይ 27.5 ማይል እንዲደርስ አዘዘ። ሕጉ ሲወጣ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ገበያውን ወሰደ፤ ሕጉን በመቃወም ጊዜውን ያባከነው ግን ለብዙ ዓመታት የሌላውን ጀርባ ሲያይ ኖረ።

በኢትዮጵያም ሕጉ ከነጋዴው ቀድሞ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186፥ የሞተሩ ይዘት ከ1,300 ሲ.ሲ. ያልበለጠ አዲስ አውቶሞቢል ይከፍለው የነበረውን 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፥ ብዙ ዓመት ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስቴር ተበታትነው ገብተው በአገር ውስጥ ለሚገጣጠሙ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የጉምሩክ ቀረጥን አስቀረ፤ ተገጣጥመው ለሚመጡትም 15 በመቶ ወሰነ። በመጨረሻም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ለዚህ አሳብ መሠረት ሆኖታል፤ ከወንዝ የሚገኘው ኀይል በዶላር አይገዛምና።

እንግዲህ ሕጉ ሁሉን ከወሰነ ለነጋዴው ምን ቀረው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የቀረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ ነገር፥ በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ገና ለብዙ ዓመታት ይሸጣሉ፥ ይለወጣሉ፥ ይጠገናሉ። በሁለተኛም ደረጃ፥ ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ብቻውን ቁጠባ አይሆንም። ትንሹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲበቃው፥ ትልቁና ከባዱ 20 እና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ይጓዛል ተብሎ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥርም፥ በዳገትና በጭነት ጊዜ እንደሚቀንስ ሻጩ እያወቀ ለገዢው ካልነገረው፥ የኋላ ኋላ የሚጠላው አንዱ ሻጭ ብቻ ሳይሆን የዕቃው ዐይነት ራሱ ይሆናል።

ስለዚህ በአውቶሞቢል ንግድ የተሰማሩ ሁሉ በመካከላቸው ተስማምተው፥ ለሽያጭ በሚቀርብ በእያንዳንዱ አውቶሞቢል መስታወት ላይ ከዋጋው ጎን ሦስት ነገሮችን ቢጽፉ ይበጃል። አንደኛው፥ አውቶሞቢሉ በ100 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ሁለተኛው፥ ያገለገለ የነዳጅ መኪና ከሆነ የጢሱ ምርመራ ውጤት፥ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነና ዋስትናውን በዚህ አገር የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ ነው። ሦስተኛው፥ መለዋወጫው የሚገኝበትና የሠለጠነ ጠጋኝ ያለበት ስፍራ ነው። ይህን ለመጻፍ አዲስ ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና አንድ የነጋዴ ቃል ይበቃል።

ገዢው ካልጠየቀ ምን አስጨነቀን፥ ነዳጅ ፈጁንስ ማን ይገዛናል የሚሉ ነጋዴዎች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስኳር ሻጩ ገዢው ቢጠይቅም ባይጠይቅም ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ጨርቅ ሻጩም ሜትሩን ከፊት ለፊት ዘርግቶ ይለካል። ኪሎ ያጎደለ ነጋዴ ደንበኛ እንደማይኖረው ሁሉ፥ ሊትሩን የደበቀም ውሎ አድሮ ደንበኛውን ያጣል። ደግሞም ነዳጅ ፈጁ የሚሸጥበት ዋጋ የሚረክሰው በጽሑፉ ምክንያት ሳይሆን በጠባዩ ምክንያት ነው። ከመግዛቱ በፊት ይህን የጠየቀ አስመጪም ከኪሳራው ይድናል።

መለዋወጫ ሻጩና ባለጋራዡም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፥ ያረጀ ካንዴላ፥ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፥ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር እያንዳንዳቸው ሳይታዩ ነዳጅ ይሰርቃሉ። ደንበኛው በወቅቱ እንዲለውጣቸው መምከር ለሻጩ ገበያ፥ ለባለመኪናው ቁጠባ፥ ለመንገደኛው ንጹሕ አየር ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጥገና ልጆቹን ዛሬ የሚያሠለጥን ባለጋራዥም ነገ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደ ተባለው፥ የነጋዴ ብልኅነት የሚታወቀው ሕግ አስገድዶት ሳይሆን ሕግ ሳይደርስበት ባደረገው ነገር ነው። በ1966 ዓ.ም. የሆነው በድንገት የሆነ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚመጣው እየታየ ነው። ሁለተኛውን ዋጋ ከመጀመሪያው ጎን በግልጥ የሚጽፍ ነጋዴ፥ ለደንበኛው ገንዘቡን፥ ለአገሩ ምንዛሪዋን፥ ለጎረቤቱ እስትንፋሱን ይቆጥባል፤ ለራሱም ከትርፍ ሁሉ የሚበልጠውን መታመንን ያተርፋል።