ሕፃናት በመኝታ ጊዜ ስለሚያሳዩት መወዛወዝ

ሕፃን እንቅልፍ ሲመጣበት ሰውነቱን ሲያወዛውዝ ወይም ራሱን ከመደቡ ጋር ሲያጋጭ ያየች እናት፥ «የሚጥል በሽታ ያዘው» ብላ ትደነግጣለች። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይደለም። በ9 ወር ዕድሜ ከሕፃናት እኩሌታ የሚበልጡት ያደርጉታል፤ 5 ዓመት ሲሞላቸው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ይቀራሉ። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የለመደውን መወዝወዝ ሕፃኑ ለራሱ የሚያደርገው ይመስለናል። ስለዚህ ማሰር፥ መምታት ወይም የክብሪት ጢስ ማሽተት አይገባም፤ ድንጋይና ሹል ነገር ከመኝታው ማራቅ ይበቃል።

ነገር ግን የኦሞ ቆላ የወባ አገር መሆኑ አይዘንጋ። ሰውነቱ የጋለ፥ ሲጠሩት የማይሰማ፥ ዓይኑ የተገለበጠ፥ እጅ እግሩ የሚንፈራገጥ ሕፃን ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጂንካ ሆስፒታል ይወሰድ ዘንድ ወላጆችን አጥብቀን እናሳስባለን።